ፒንክ ፍሎይድ ማን ነው?

ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። ሁለቱም ፒንክ ፍሎይድ የተባለውን ባንድ አጥብቀው ይወዳሉ፤ ግን በባንዱ ታሪክ ላይ ተስማምተው አያውቁም። የሚከራከሩበት ጉዳይ ዕድሜ ጠገብ ባንድ የሚወድ ሁሉ የሚገጥመው ነው። አባላቱ ሲለዋወጡ ባንዱ ያው ባንድ ነው ወይ? ሳይወጣ የቀረ ሙዚቃስ መውጣት አለበት ወይ? በምልልሱ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እህት ልጅ፦ ጋሼ፣ እኔ ሳልሸፋፍን ልናገር። ለእኔ ፒንክ ፍሎይድ በ1985 አልቋል። ሮጀር ዋተርስ ለቅቆ ሲወጣ ግጥሙም፣ ቁጣውም፣ ሐሳቡም አብሮት ወጣ። ከዚያ በኋላ በዚያ ስም የተሸጠው ሁሉ ስም ብቻ ነው።

አጎት፦ ነገሩን ከመሐሉ ጀመርሽው፤ ከሥሩ እንነሣ። ባንዱ በ1965 ለንደን ላይ ሲቋቋም መሪው ዋተርስ አልነበረም፤ ሲድ ባሬት ነበር። ስሙን ራሱ ያወጣው ባሬት ነው፤ ፒንክ አንደርሰንና ፍሎይድ ካውንስል ከሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቀኞች ስም ወስዶ። በ1967 የወጣውን የመጀመሪያውን አልበም ዘፈኖች አብዛኞቹን የጻፈው እሱ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ዋተርስ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይትና ከበሮ መቺው ኒክ ሜሰን ያኔ አርክቴክቸር ሲማሩ የተዋወቁ ልጆች ነበሩ። ባሬት ታመመ፤ መድረክ ላይ ጊታሩን ይዞ ፈዝዞ የሚቆምበት ቀን በዛ። በ1968 መግቢያ ላይ ጊታር ተጫዋቹን ዴቪድ ጊልሞርን ጨመሩና ለጥቂት ጊዜ አምስት ሆኑ። ከዕለታት አንድ ቀን ወደ ሥራ ሲሄዱ ሲድን መንገድ ላይ ሳይወስዱት አለፉ። በዚያው ቀረ። እንግዲህ ጸሐፊው ሲወጣ ባንዱ ያልቃል ካልሽ፣ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» የተባለውን አልበም የሠራው ፒንክ ፍሎይድ አይደለም ማለት ነው።

እህት ልጅ፦ ሁለቱን አያመሳስሏቸው። ባሬትን ሕመም ነው የወሰደው። የቀሩት ደግሞ ስሙን ይዘው ዝም ብለው አልሮጡም፤ በ1970 ሁለት የራሱን አልበሞች ሲያወጣ ስቱዲዮ ገብተው አግዘውታል። «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» የተባለው ዘፈን የተጻፈውም ለእሱ ነው። ዋተርስ ግን በጤናው ነው የወጣው፤ ባንዱም አብቅቷል አለ። በ1986 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1987 በስምምነት ተዘጋ። ጊልሞርና ሜሰን ስሙን ያገኙት በጠበቃ ነው። በሙዚቃ ያገኙት አይደለም።

አጎት፦ ጥሎ የወጣ ሰው በቤቱ የቀሩትን «እናንተም ውጡ» የማለት መብት ከየት ያመጣል? ሜሰን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከበሮው ላይ ነበር። በባንዱ አልበሞች ሁሉ ላይ ስሙ ያለ አንድ ሰው እሱ ብቻ ነው።

እህት ልጅ፦ እሺ፣ መብቱን ልተውልዎት። ሕግ ለማን ፈረደ የሚለው እኔን አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ የሚሰማው ነገር ነው። በ1987 የወጣውን «ኤ ሞመንተሪ ላፕስ ኦቭ ሪዝን» ያድምጡት። ከበሮው በብዛት የሜሰን አይደለም፤ የተቀጠሩ ሙዚቀኞችና ማሽን ናቸው። ራይት የተጠራው ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ እሱም በደመወዝ። ይህ የጊልሞር የግል አልበም ነው። ለምን በስሙ አላወጣውም?

አጎት፦ በዚህስ አልከራከርሽም። እነሱም ሳያውቁት አልቀሩም። በ2019 ያንኑ አልበም እንደገና ሲያዘጋጁት ሜሰን ከበሮውን በአዲስ መታ፤ የራይትን ኪቦርድ ደግሞ ከመድረክ ቅጂዎች እየለቀሙ አስገቡበት። ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የጎደለውን የሚሞላው የጎደለ ነገር እንዳለ ስላወቀ ነው። ነገር ግን በዚያው ሚዛን የአንቺንም ሰው እንመዝነው። በ1983 የወጣው «ዘ ፋይናል ከት» ላይ ራይት የለም። ዜማውም ግጥሙም የዋተርስ ነው። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ራሱ ሥራው የሮጀር ዋተርስ እንደሆነና ፒንክ ፍሎይድ እንደተጫወተው ነው። ባንዱ ገና ሳይፈርስ በገዛ አልበሙ ላይ አጃቢ ሆነ።

እህት ልጅ፦ ስለዚህ «ዘ ፋይናል ከት» የዋተርስ የግል አልበም ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የጊልሞር። እንደዚህ ከሆነ እርስዎ ባንድ የሚሉት መቼ ነበር?

አጎት፦ ሰው ሁሉ ዋተርስ ወይስ ጊልሞር እያለ ሲሟገት አርባ ዓመት አለፈ። እኔ የምፈልገው ሦስተኛውን ሰው ነው። የጭቃ ቤት ስታዪ ዓይንሽ የሚያርፈው ምሰሶው ላይ ነው፤ ግድግዳውን አያይዞ ያቆመውን ማገር አታዪውም፤ ጭቃው ውስጥ ነው። ሪቻርድ ራይት ማለት ያ ነው። ባንዱ ባንድ የሆነው ራይት በመሐል ሆኖ የሁለቱን ድምፅ ሲያያይዝ ነው። እሱ ሲወጣ ሁለቱ ምሰሶዎች ለየብቻቸው ቆመው ቀሩ።

እህት ልጅ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ፍቅር እንዳያታልልዎት። «ዘ ዎል» በሚቀረጽበት ጊዜ በ1979 ራይት ይዞ የመጣው ነገር አልነበረም። ትዳሩም ሲፈርስ ነበር፤ ስቱዲዮ ሲገባም ዝም ነው። አልበሙ ዓመቱ ሳያልቅ እንዲደርስ ሲባል ከዕረፍቱ ቶሎ ተመለስ ተባለ፤ እምቢ አለ። ዋተርስ «እሱ ካልወጣ» ሲል ጊልሞርና ሜሰንም ደረታቸውን ሰጥተው አልተከላከሉለትም። የተባረረው በዋተርስ ክፋት ብቻ አይደለም።

አጎት፦ ልክ ነሽ፤ ያን ዘመን አላስጌጥም። ቀጥሎ የሆነውን ግን ተመልከቺ። በ1980 እና በ1981 «ዘ ዎል»ን በመድረክ ሲያሳዩ ራይት እንደ ቅጥር ሙዚቀኛ አብሯቸው ተጫወተ። ዝግጅቱ እጅግ ውድ ነበርና አባላቱ ከሰሩ፤ ከአራቱ ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ የገባው ደመወዝተኛው ራይት ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ግን ባንዱ ሦስት ሰው ሆኖ ነበር። ይህን ሁሉ ትቼ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን በጆሮሽ ፍረጂ። የ1971ን «ኤኮስ» አስቢ። ከሃያ ሦስት ደቂቃ በላይ የሚሄደው ያ ሥራ የሚነሣው ከአንዲት የፒያኖ ድምፅ ነው፤ ራይት አንዲት ኖታ ሲመታ በሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ ውስጥ አልፋ እንደ ጠብታ ትሰማለች። ከዚያ ጊታሩ ይገባል፤ ኦርጋኑ ይመልስለታል። ራይትና ጊልሞር አብረው ሲዘፍኑ የማን ድምፅ የማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

እህት ልጅ፦ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ»ንም እኔ ልጨምርልዎት፤ የፒያኖው ሐሳብ የራይት ነው። ግን ያ ዘፈን ለእኔ ክርክርም ያግዛል። ያለ ቃል ያዜመችው ክሌር ቶሪ የባንዱ አባል አይደለችም። በ1973 ጥር ወር አንድ ምሽት መጥታ፣ ሠላሳ ፓውንድ ተከፍሏት ሄደች። ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ከስሳ፣ በ2005 በስምምነት ተጨርሶ ስሟ በደራሲነት ተጻፈ። ስለዚህ የአባላት ዝርዝር ሁሉንም አይነግረንም።

አጎት፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የአባላት ዝርዝር የሚነግርሽ ማን ውል እንደፈረመ ነው። ሙዚቃው የሚነግርሽ ማን ለማን መልስ እንደሰጠ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጉዳያችን የሚያሻግረንን ልንገርሽ። «አስ ኤንድ ዜም»ን ታውቂዋለሽ።

እህት ልጅ፦ ከ«ዳርክ ሳይድ» ዘፈኖች ሁሉ አብልጬ የምወደው።

አጎት፦ ያ ዜማ ሲወለድ ቃል አልነበረውም። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ በ1970 ለወጣው «ዛብሪስኪ ፖይንት» ለተሰኘው ፊልሙ ሙዚቃ ሲያሠራቸው፣ ራይት ለዐመፅ ትዕይንት በፒያኖ የተጫወተው ነው። ፖሊስና ተማሪ ሲጋጩ የሚያሳይ ምስል ላይ ያ ለስላሳ ፒያኖ እንዲሄድ ነበር የታሰበው። አንቶኒዮኒ አልወደደውም፤ መለሰው። ሙዚቃው ተቀመጠ። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ዋተርስ ግጥም ጻፈለት፤ ጊልሞር ዘፈነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ዘፈን ያኔ ያልወጣ ሥራ ነበር። አንቺ ያልወጣ ሙዚቃ ይቀመጥ ባይ ነሽ፤ እኔ ግን ይህን ሳስብ ምንም ነገር ተቆልፎ እንዲቀር አልፈልግም።

እህት ልጅ፦ ምሳሌው የሚያግዘው እኔን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም! ያ ፒያኖ በ1970 እንዳለ ወጥቶ ቢሆን «አስ ኤንድ ዜም» አይኖርም ነበር። ተቀምጦ ስለቆየ በሰለ። ከ«ዳርክ ሳይድ» በኋላ በጎማ፣ በመጥረጊያና በብርጭቆ አልበም ለመሥራት ሞከሩ፤ አልሆነም፤ ተዉት። የብርጭቆው ድምፅ ግን «ሻይን ኦን» ሲጀምር ከሥር ይሰማል። በ1974 በመድረክ የተጫወቷቸው ሁለት ዘፈኖችም «ዊሽ ዩ ወር ሂር» ላይ አልገቡም፤ ተቀይረው በ1977 «አኒማልስ» ላይ «ሺፕ» እና «ዶግስ» ሆነው ወጡ። ሙዚቀኛ አንድን ነገር ሳያወጣ ሲቀር ያም ሥራው ነው፤ መምረጡ ነው።

አጎት፦ በሕይወት እያለና እየሠራ ሳለ፣ አዎ። ሥራው ካበቃ በኋላስ?

እህት ልጅ፦ ከዚያ በኋላ ማን ያወጣዋል፣ ለምን ያወጣዋል የሚለው ይመጣል። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ የዚህ ባንድ ወዳጅ ግን ያልሰማውን ዘፈን ነው አብዝቶ የሚናፍቀው። ይህን ናፍቆት ኩባንያዎች በሚገባ ያውቁታል። ሕጉንም ይመልከቱ። በአውሮፓ ኅብረት አንድ ቅጂ በተቀረጸ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ካልታተመ ጥበቃው ያከትማል፤ ከታተመ ግን እስከ ሰባ ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ ሃምሳው ዓመት ሲቃረብ ዕቃ ቤቱ ይከፈታል። በ2021 መጨረሻ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮንሰርቶች ያለ ማስታወቂያ፣ የድምፃቸውም ጥራት ሳይስተካከል፣ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቁ። ያ ለእኛ የተሰጠ ስጦታ ሳይሆን የቀን ገደብ ነበር።

አጎት፦ ምክንያቱ ሕግ ይሁን፤ እኔ ግን ሰማሁት። አንድ ሥራ ገና ስም ሳይኖረው፣ ከምሽት ምሽት እየተቀየረ ሲያድግ መስማት ለሚወድ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። የባንዱን አሠራር ያለ እነዚያ ቅጂዎች እንዴት ታውቂዋለሽ?

እህት ልጅ፦ ከሆነ እውነተኛውን ፈተና ላቅርብልዎት። «ቬጅተብል ማን»። ባሬት በ1967፣ አእምሮው እየታወከ በነበረበት ወራት የጻፈው ነው። ራሱን ነው የሚያሳየው፤ ልብሱን፣ ጸጉሩን፣ መልኩን። ጓደኞቹ ከ«ስክሪም ዛይ ላስት ስክሪም» ጋር አስቀመጡት። አሥርት ዓመታት በስርቆት ቅጂ ሲዞር ኖረ፤ በ2016 የመጀመሪያ ዓመታቱን በያዘው ስብስብ ውስጥ በይፋ ወጣ። ባሬት በ2006 ሞቷል፤ ፈቃዱን የሚጠይቀው የለም። አንድ ሰው ሲፈርስ የተቀረጸ ድምፅ በሚያምር ሳጥን ታሽጎ ሲሸጥ አይከብድዎትም?

አጎት፦ ይከብደኛል። ግን ሌላም ነገር ይሰማኛል። ያን ዘፈን ሕመም ብቻ አልጻፈውም። ሰውየው ራሱን አይቶ፣ ያየውን ነገር በቃልና በዜማ ማስቀመጥ ችሏል። ዘፈኑ ተደብቆ ሲኖር ስለ ባሬት የተወራው ግማሹ ተረት ነበር። ሲወጣ ሰው መሆኑ ታየ። ኒክ ሜሰንም ከ2018 ጀምሮ የጥንቱን ሥራ በሚጫወትበት ቡድኑ በመድረክ ተጫውቶታል፤ ከዚያ ዘመን ጓደኛው የሆነ ሰው በአክብሮት ሲጫወተው ነውር ነው ለማለት ይቸግረኛል።

እህት ልጅ፦ እኔ አሁንም አላዳምጠውም። ሜሰን የሚያስታውሰው ጓደኛ አለው፤ እኔ የማየው የታመመ ሰው ነው።

አጎት፦ ይህ የአንቺ ሕሊና ነው፤ አልነካውም። «ዘ ኤንድለስ ሪቨር»ስ?

እህት ልጅ፦ በእሱም ጠብ ነበረኝ። ራይት በመስከረም 2008 በስድሳ አምስት ዓመቱ ሞተ። በ2014 አልበም ሲወጣ «ከሙታን ሙዚቃ መሥራት ተጀመረ» ብዬ ነበር የተቀበልኩት። ያለ ዋተርስ፣ ከአንድ ዘፈን በቀር ያለ ግጥም።

አጎት፦ ሙዚቃው ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። በ1993 ጊልሞር፣ ራይትና ሜሰን «ዘ ዲቪዥን ቤል»ን ለመሥራት ሲዘጋጁ፣ ምንም ሳይወስኑ፣ ሦስት ሆነው እየተጫወቱ ብዙ ሰዓት ቀረጹ። ከዚያ የተወሰነው ለአልበሙ ዋለ፤ የቀረው ተቀመጠ። ልብ በይ፤ ራይት ከተባረረበት ጊዜ በኋላ ከጥንስሱ ጀምሮ አብሮ የተቀመጠበት ሥራ ያ ነው። ለ1994ቱ አልበም አምስት ዘፈኖች ላይ በደራሲነት ተሳተፈ፤ ከ1973 ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዘፈን ራሱ መሪ ሆኖ ዘፈነ። ከሞተ በኋላ ጓደኞቹ ያንን ቅጂ ሲከፍቱ ያገኙት የተጣለ ነገር አይደለም፤ እሱ እየተጫወተ እነሱ ሲመልሱለት የነበረውን ነው። በላዩ ላይ ጨመሩበት። በ1969 በለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ ታላቁን ኦርጋን ሲጫወት የተቀረጸውንም አስገቡ። ጊልሞርም የመጨረሻው መሆኑን ሳይደብቅ ተናገረ።

እህት ልጅ፦ እውነቱን ልንገርዎት፤ ያ አልበም ሁለተኛ ጊዜ ስሰማው ነው የገባኝ። እንደ ዘፈን ከጠበቁት ያስከፋል፤ ግጥም የሚገባበት ቦታ ባዶ ነው፤ የዋተርስ አለመኖር በየቦታው ይሰማል። ግን ጊታሩ ኪቦርዱን ይጠብቀዋል። አንዱ ሐረጉን ሲጨርስ ሌላው ያነሣዋል። በ1987ቱ አልበም ላይ ይህ የለም። በ«ፋይናል ከት» ላይም የለም።

አጎት፦ እዚህ ደረስን። ጊልሞር ራይት ከሞተ በኋላ «ኤኮስ»ን መጫወት አቆመ። በ2016 በፖምፔይ፣ ባንዱ በ1971 ያንኑ ሥራ በፊልም በተቀረጸበት ቦታ፣ ኮንሰርት ሲያሳይ እንኳ አልተጫወተውም። ምክንያቱን ሲጠየቅ በእሱና በራይት መካከል የነበረውን አጨዋወት ሌላ ሰው አጥንቶ ሊተካው እንደማይችል ነው የተናገረው። ዋተርስን በሌላ ቤዝ ተጫዋች የተካ ሰው ነው ይህን ያለው።

እህት ልጅ፦ ይህ ለራይት ትልቅ ምስክር ነው። ዋተርስ ግን የሚተካ ነበር ማለት አይደለም። ሐምሌ 2 ቀን 2005ን ያስታውሱ። ለንደን፣ ሃይድ ፓርክ፣ የላይቭ ኤይት ኮንሰርት። መነሻው እኛው ጋ ነው። ቦብ ጌልዶፍ በ1985 ላይቭ ኤድ የተባለውን የእርዳታ ኮንሰርት ያዘጋጀው ለእኛው የ1977 ዓመተ ምሕረት ረኀብ ነበር። በዚያ ቀን በዌምብሊ ጊልሞር የብራያን ፌሪ ጊታር ተጫዋች ሆኖ ቆመ፤ ፒንክ ፍሎይድ ግን በፀብ ላይ ነበርና አልመጣም። ከሃያ ዓመት በኋላ ጌልዶፍ አፍሪካን በሚመለከት ሁለተኛውን መድረክ ሲያዘጋጅ፣ ከ1981 ወዲህ አንድ መድረክ ላይ ያልታዩት አራቱ አብረው ወጡ። ጥቂት ዘፈን ብቻ ነው የተጫወቱት። «ዊሽ ዩ ወር ሂር» የተባለው ዘፈን ሲጀመር ዋተርስ በተለይ ለሲድ እንደሆነ ተናገረ። ያን ምሽት እያንዳንዱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አራቱም ያስፈልጉ ነበር።

አጎት፦ አራቱም። በዚህ እስማማለሁ። ያም የመጨረሻቸው ሆነ፤ ለዓለም ዙሪያ ጉዞ ብዙ ገንዘብ ቀረበላቸው፤ ጊልሞር አልፈለገም። በሦስተኛው ዓመት ራይት አረፈ። ከዚያ በኋላ ማንም ቢከፍል ሊመለስ የሚችል ነገር አልነበረም።

እህት ልጅ፦ አሁን ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። በ2024 ሶኒ የባንዱን ቅጂዎች ከስሙና ከምስሉ ጋር ገዛ፤ ዋጋው 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘግቧል። ዋተርስና ጊልሞር ፍርድ ቤት የተካሰሱበት ስም ዛሬ የኩባንያ ንብረት ነው። ዕቃ ቤቱም የኩባንያው ነው። ከእንግዲህ ያልወጣ ሥራ የሚወጣው ባለሙያው ስለፈለገ አይሆንም።

አጎት፦ ስለዚህ አድማጩ ጠንቃቃ መሆን አለበት። እኔ ሁሉም ይውጣ ባይ ነኝ፤ አንቺ ይቀመጥ ባይ ነሽ። የሁለታችንንም የሚጠብቅ ሥርዓት ካለ ንገሪኝ።

እህት ልጅ፦ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የሚወጣው ነገር ምን እንደሆነ ሽፋኑ ላይ ይጻፍ፤ ረቂቅ ከሆነ ረቂቅ፣ ልምምድ ከሆነ ልምምድ፣ መቼና በማን እንደተቀረጸ። አዲስ አልበም ተብሎ አይሸጥልን። ሁለተኛ፣ በኋላ የተጨመረው ከጥንቱ ተለይቶ ይታወቅ። ሦስተኛ፣ የተጫወተው ሰው ሁሉ ስሙ ይጻፍ፤ ቅጥረኛውም፣ እንግዳዋም። ክሌር ቶሪ ሠላሳ ዓመት መጠበቅ አልነበረባትም።

አጎት፦ የመጨረሻው ላይ እኔም እጨምራለሁ። የአባላት ለውጥ ሲነሣ ማን ትልቅ ነበር ብለን አንጀምር። እያንዳንዱን አልበም ለብቻው ከፍተን፣ እዚህ ውስጥ ማን ማንን ይሰማ ነበር እንበል። በዚህ ሚዛን ከ1971 እስከ 1975 ያሉት ሥራዎች የባንድ ሥራ ናቸው። «ዘ ዎል» ታላቅ አልበም ነው፤ ባንዱ ግን በውስጡ እየተሰነጠቀ ነው። «ዘ ዲቪዥን ቤል» ከአንቺ ግምት በላይ የባንድ ሥራ ነው።

እህት ልጅ፦ «ዘ ዲቪዥን ቤል»ን እቀበላለሁ፤ የግጥሙ ድካም ግን አይጠፋኝም። የዋተርስ ቁጣ ሲጎድል ያ ባንድ የሚናገረው ነገር ይሳሳል። እርስዎም ይህን ይቀበሉኝ።

አጎት፦ ተቀብያለሁ። ዋተርስ የሚባለውን ያመጣ ነበር፤ ራይት የሚባልበትን ቦታ ያዘጋጅ ነበር። አንዱን ለማንሣት ሌላውን መጣል አያስፈልገንም። ከእንግዲህ አንድ ወጣት ከየት ልጀምር ብሎ ሲጠይቀን በፀባቸው ታሪክ አናድክመው። «ኤኮስ»ን እናሰማው፤ ኦርጋኑን ተከተል እንበለው። ሌላውን ክርክር ራሱ ይደርስበታል።